የሒሳቡ ሊቅ ፓስካልና እምነቱ

ብሌዝ ፓስካል የሚባለው የፈረንሳይ ሊቅ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1623 ክሌርሞን ከተማ ተወለደ። አባቱ የግብር ሹም ነበሩና የድምር ድካማቸውን ላቃልል ብሎ በ1642 የመደመሪያ መኪና መሥራት ጀመረ። የሒሳብ መዝገብ ይዞ ያመሸ ሰው ይህን ውለታ ያውቀዋል።

በ1654 ከፌርማ ጋር እየተጻጻፈ የቁማር ዕድል በሒሳብ እንዴት እንደሚታወቅ አወጣ። ኋላ ይህንኑ ስሌት ለእምነት አዋለው። እግዜር መኖር አለመኖሩን አእምሮ ብቻውን አይቆርጠውም፤ ግን ካለ ያመነው ሰው የዘላለም ትርፍ ያገኛል፣ ከሌለም የሚቀርበት እምብዛም ነው ሲል አስረዳ። ብልህ ነገር ነው፤ ለኔ ግን የነጋዴ ስሌት ይመስለኛል። እሱም ቢሆን ማመን ላቃተው ሰው የመከረው ክርክር እንዲጨምር ሳይሆን እንደ አማኞቹ ጠበል እንዲረጭ፣ ቅዳሴ እንዲያስቀድስ ነው።

የራሱ እምነት የጸናው በስሌት አይደለም። በዚያው በ1654፣ ኖቬምበር 23 ሌሊት፣ ሁለት ሰዓት ያህል የቆየ ነገር ተገለጠለትና በወረቀት ጻፈው። ስለ እሳት፣ ስለ ደስታና ስለ ዕንባ ነው እንጂ አንድም ስሌት የለበትም። በ1662፣ በ39 ዓመቱ ሲሞት አሽከሩ ወረቀቱን ከልብሱ ገበር ውስጥ ተሰፍቶ አገኘው። ስምንት ዓመት ሙሉ ልብስ በለወጠ ቁጥር እየተረተረ መልሶ ይሰፋው ነበር ማለት ነው።