ዜሮን ከበረዶ በታች ያደረገው ሰው

በዛሬው የታዋቂ ሰዎች ዓምዳችን የዳንኤል ገብርኤል ፋራናይትን ታሪክ ይዤላችሁ ቀርቤያለሁ። ስሙን ስትሰሙት የሰፈራችን ሰው አይመስልም? ግን እ.ኤ.አ. በ1686 የተወለደው ዛሬ ፖላንድ ውስጥ ባለችው ግዳንስክ በምትባል የወደብ ከተማ ነው።

15 ዓመቱ ላይ እናቱና አባቱ መርዛማ እንጉዳይ በልተው በአንድ ቀን ሞቱበት። አሳዳጊዎቹ ንግድ እንዲማር አምስተርዳም ላኩት። የእሱ ልብ ግን ቴርሞሜትር ላይ ነበር፤ ለሙከራው ገንዘብ ተበድሮ ንግዱን ጥሎ ጠፋ። አሳዳጊዎቹም ተይዞ በመርከብ ወደ ሩቅ ምሥራቅ እንዲላክ ጠየቁ። እሱ ግን ከአገር አገር እየዞረ መማሩን ቀጠለ። በ1708 ኮፐንሃገን ሄዶ ብርሃን የተወሰነ ፍጥነት እንዳለው ያሳየውን ኦሌ ሮመርን አገኘና ቴርሞሜትር ሲሠራ አየ።

የዚያን ጊዜ ችግሩ ምን መሰላችሁ? ሁለት ቴርሞሜትር አንድ ውሃ ውስጥ ቢገባ የተለያየ ቁጥር ያሳያል። ፋራናይት በ1714 እኩል የሚያነቡ ሁለት ቴርሞሜትሮች ሠራ። በአልኮል ፈንታም ሜርኩሪ መጠቀም ጀመረ።

ለመለኪያው መነሻ ሲፈልግ በረዶ፣ ውሃና አሞኒየም ክሎራይድ የሚባል ጨው ቀላቀለ። ድብልቁ ከተራ በረዶ በጣም ይበርዳል። እሱን 0 አለው፤ ጨው የሌለው በረዶና ውሃ ደግሞ 32 ሆነ። የፋራናይት 0 በሴልሺየስ ከዜሮ በታች 18 ገደማ ነው።

አይስክሬም እቤት የሚሠራውም በዚሁ ዘዴ ነው፤ የወጥ ቤት ጨው ይበቃል። ስኳር ያለበት ወተት በ0 ዲግሪ ሴልሺየስ አይጠጥርም። ስለዚህ ዙሪያውን በረዶ ብቻ ብትደረድሩ ወተቱ ይቀዘቅዛል እንጂ አይስክሬም አይሆንም። ጨው ሲነሰነስበት ግን በረዶው ከ0 በታችም ቢሆን ይቀልጣል። ለመቅለጥ ደግሞ ሙቀት ይፈልጋል፤ ከራሱ ከድብልቁና ከወተቱ ይወስዳል። ብዙ ሰው ቅዝቃዜ ወደ ወተቱ የሚገባ ይመስለዋል። የሚሄደው ሙቀቱ ነው፤ ከወተቱ ወጥቶ ወደ በረዶው! (የምትሞክሩ ካላችሁ የወተቱን ዕቃ አጥብቃችሁ ክደኑ፣ ጨው ከገባበት አይበላም። ድብልቁንም በባዶ እጅ አትያዙ፣ ቆዳ ይጎዳል።)

በ1724 የለንደኑ ሮያል ሶሳይቲ አባል አደረገው። በ1736 ሄግ ከተማ በ50 ዓመቱ ሲሞት ሀብት አልነበረውም። አሜሪካ ውስጥ ግን እስከ ዛሬ የአየር ሁኔታ የሚነገረው በእሱ ዲግሪ ነው።