ፕሮፌሰር ማክስ ቬርትሃይመርና የልጆች አስተሳሰብ

ማኅበራችን 10ኛ ዓመቱን በሚያከብርበት በዚህ ወቅት፣ በምንኖርባት በፍራንክፈርት ከተማ አስተምረው ያለፉትንና ልጅ ለምናሳድግ ሁሉ ትልቅ ቁም ነገር የተዉልንን አንድ ምሁር ልናስታውስ ወደድን።

ማክስ ቬርትሃይመር እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 15 ቀን 1880 በፕራግ ከተማ ከአይሁድ ቤተሰብ ተወለዱ። አባታቸው የንግድ ትምህርት ቤት የነበራቸው መምህር ነበሩ። ልጃቸው በመጀመሪያ ሕግ፣ ቀጥሎም ፍልስፍናና ሥነ ልቡና አጥንተው በ1904 በቩርዝቡርግ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ማዕረግ አገኙ።

በ1910 በባቡር ሲጓዙ ሳሉ አንድ ሐሳብ መጣላቸውና ፍራንክፈርት ላይ ወርደው፣ ሥዕልን በፍጥነት እያፈራረቀ የሚንቀሳቀስ የሚያስመስል የልጆች መጫወቻ ገዝተው መመርመር እንደ ጀመሩ ይነገራል። በ1912 ያሳተሙት ጥናት ጌሽታልት ለተባለው የሥነ ልቡና ትምህርት መሠረት ሆነ። ፍሬ ሐሳቡም፣ ሰው ነገርን የሚረዳው ቁርጥራጩን በመደመር ሳይሆን እንደ አንድ ሙሉ አካል በማየት ነው የሚል ነው። ከበርሊን ቆይታቸው በኋላ በ1929 በፍራንክፈርት ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ሆነው ተሾሙ።

ቬርትሃይመር ትምህርት ቤት ገብተው ልጆችን ይመለከቱ ነበር። በአንድ ክፍል ተማሪዎቹ የፓራለሎግራምን ስፋት አወጣጥ ተምረው፣ መሠረቱን በቁመቱ እያባዙ ጥያቄውን ሁሉ በትክክል ይመልሱ ነበር። ያንኑ ቅርጽ አዙረው ሲሥሉላቸው ግን ብዙዎቹ ግራ ተጋቡ፤ ገና ያልተማሩት ነገር መሰላቸው። በሌላ ጊዜ ደግሞ ስድስት ዓመት ያልሞላት አንዲት ሕፃን፣ የሬክታንግል ስፋት እንዴት እንደሚወጣ ብቻ ተነግሯት፣ መቀስ ጠይቃ የፓራለሎግራሙን ዘንበል ያለ ጫፍ ቆረጠችና በሌላው ጎን ገጠመችው። እነዚያ ደንቡን አስታወሱ፤ ይህች ግን ነገሩን አየች።

ይህ ማለት ቃል ማጥናት ከንቱ ነው ማለት አይደለም። ልጆች ከሰባት ዓመት ገደማ ጀምሮ የሚያጠኑትን ለራሳቸው መደጋገምን፣ ከፍ ሲሉም ተመሳሳዩን በአንድ ላይ መሰብሰብን ይለምዳሉ፤ የማስታወስ ኃይላቸውም በዚሁ ይጠነክራል። የእኛም አባቶች ይህን ያውቁ ነበር። ፊደሉንና ዳዊቱን በቃሉ ያጠና ተማሪ ቅኔ ቤት ሲገባ፣ የሌላውን መድገም ሳይሆን የራሱን አዲስ ቅኔ መቁጠር ይጠበቅበታል።

ሂትለር ሥልጣን በያዘበት በ1933 ፕሮፌሰሩ አይሁዳዊ በመሆናቸው ከሥራቸው ተሰናበቱ። ቤተሰባቸውን ይዘው ወደ ኒውዮርክ ተሰደዱና በሰው አገር፣ በሰው ቋንቋ ማስተማር ጀመሩ። ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ ከእኛ መካከል የማያውቅ የለም። ስለ ፈጣሪ አስተሳሰብ የጻፉትን መጽሐፍ ጨርሰው ብዙም ሳይቆዩ ኦክቶበር 12 ቀን 1943 አረፉ፤ መጽሐፉም በ1945 ታተመ።

ውድ አባላት፣ በሄሰን ልጆቻችን 4ኛ ክፍልን ሲፈጽሙ ቀጣዩ የትምህርት መንገዳቸው ይለያል። በዚያን ጊዜ ብዙዎቻችን ቃል በቃል እንዲያጠኑ ብቻ እንገፋፋቸዋለን። ከእንግዲህ ደብተራቸውን ስናይ፣ መልሱ ልክ መሆኑን ብቻ ሳይሆን እንዴት እንደ ደረሱበትም እንጠይቃቸው፤ በአማርኛም ሆነ በጀርመንኛ፣ በቀለላቸው ቋንቋ ያስረዱን። ለልጅ ማሰቢያ ጊዜ መስጠት ከማንኛችንም አቅም በላይ አይደለም።