በሰው ጦር የቆመ ዙፋን

በአዲስ አበባ የሜክሲኮን አደባባይ የማያውቅ ተማሪ ወይም የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ አይገኝም። ፋሺስት ኢጣልያ አገራችንን በወረረች ጊዜ ሜክሲኮ ወረራውን አልቀበልም ብለው ከጸኑት ጥቂት መንግሥታት አንዷ እንደ ነበረች፣ አደባባዩም በዚሁ ምክንያት በስሟ እንደ ተጠራ ብዙ ሰው ያውቃል። ነገር ግን ያች በውቅያኖስ ማዶ ያለች አገር ስለ ምን እንዲህ እንደ ጸናች የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ከምክንያቶቹ አንዱ የሚገኘው በገዛ ታሪኳ ውስጥ ነው። ከዚያ ሰባ ዓመት ያህል ቀደም ብሎ የውጭ አገር ጦር በሜክሲኮ ምድር ገብቶ ንጉሥ አንግሦባት ነበር። ዛሬ ለአንባብያን የምናቀርበው የዚያን ንጉሥ፣ የማክሲሚሊያንን የሕይወት ታሪክ ነው። ዓመታቱን የምንጽፈው እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ነው።

ማክሲሚሊያን ጁላይ 6 ቀን 1832 በቪየና ከተማ፣ በሾንብሩን ቤተ መንግሥት ተወለደ። ታላቅ ወንድሙ ፍራንዝ ዮሴፍ በ1848 የኦስትሪያን ዙፋን ስለ ያዘ፣ እርሱ ብዙ ዕውቀትና ጥቂት ሥራ ያለው መስፍን ሆኖ ቀረ። ባሕርንና የዕፀዋትን ጥናት ይወድ ነበር። ገና በሃያ ሁለት ዓመቱ የኦስትሪያ የባሕር ኀይል አዛዥ ሆነ። በ1857 የቤልጅግን ንጉሥ የሌዎፖልድን ልጅ ሻርሎትን አገባ። በዚያው ዓመት በኦስትሪያ እጅ ለነበሩት ለሎምባርዲያና ለቬኔስያ አገረ ገዥ ሆኖ ተሾመ። በዚያም ሕዝቡን በለዘበ አስተዳደር ለመሳብ ደከመ። ኢጣልያኖቹ ግን ይፈልጉ የነበረው ደግ የውጭ ገዥ ሳይሆን የውጭ ገዥ እንዲወጣላቸው ነበር። በ1859 ወንድሙ ከሹመቱ ሻረው፤ እርሱም በትሪየስት አጠገብ በባሕር ዳር ባሠራው በሚራማር ግንብ ተቀመጠ። የኢጣልያው ትምህርት በልቡ ቢያድር ኖሮ የኋላ ዕድሉ ሌላ በሆነ ነበር ብለን እናስባለን።

በዚህ ጊዜ ሜክሲኮ ሦስት ዓመት ከፈጀ የእርስ በርስ ጦርነት ገና መውጣቷ ነበር። ድል ያደረገው ወገን መሪ ቤኒቶ ሁዋሬስ ነበር። ሁዋሬስ ከሳፖቴክ ነገድ የተወለደ፣ በሕፃንነቱ አባትና እናቱን ያጣ፣ ኋላም ሕግ ተምሮ ጠበቃ፣ አገረ ገዥና ፕሬዚዳንት ለመሆን የበቃ ሰው ነው። የመንግሥቱ ግምጃ ቤት ባዶ ስለ ነበረ በጁላይ 1861 የውጭ ዕዳ መክፈል ለሁለት ዓመት እንዲቆም አዘዘ። ከዚህም የተነሣ እንግሊዝ፣ እስፓኝና ፈረንሣይ ተስማምተው ጦራቸውን ወደ ቬራክሩዝ ወደብ ላኩ። እንግሊዝና እስፓኝ የፈረንሣይን ሐሳብ በተረዱ ጊዜ በ1862 ጦራቸውን መለሱ። ሦስተኛው ናፖሌዎን ግን ዕዳ ከማስከፈል አልፎ በዚያ አገር ዙፋን ሊተክል አስቦ ነበርና ጦሩ ወደ መሐል አገር ገሠገሠ። ሜይ 5 ቀን 1862 በፑዌብላ ከተማ ጄኔራል ሳራጎሳ ፈረንሣዮችን ድል አደረጋቸው። እነርሱም ብዙ ሺሕ ተጨማሪ ጦር አስመጥተው በሚቀጥለው ዓመት ፑዌብላን ከበው ያዙ፤ በጁን 1863 ዋናው ከተማ ገቡ። ከዚያም በፈረንሣይ ጦር ጥላ ሥር የተሰበሰበ የመኳንንት ጉባኤ ዘውዱን ለማክሲሚሊያን አቀረበ።

ማክሲሚሊያን ሕዝቡ መፍቀዱን የሚያስረዳ ማስረጃ ጠየቀ። የፈረንሣይ ጦር በያዛቸው ቦታዎች የተሰበሰበ ፊርማ ቢቀርብለት በቂ ነው ብሎ ተቀበለ። ኤፕሪል 10 ቀን 1864 በሚራማር ከናፖሌዎን ጋራ ውል ተፈራረመ። አንባብያን ይህን ውል በጥንቃቄ እንዲመለከቱት እንለምናለን፤ የነገሩ ሁሉ ሥር ከዚህ ነውና።

በውሉ እንደ ተጻፈው የፈረንሣይ ጦር የሚቆየው አዲሱ መንግሥት የራሱን ጦር እስኪያቋቁም ብቻ ነው፤ ቍጥሩም ከዓመት ወደ ዓመት እየቀነሰ ይሄዳል። የፈረንሣይ መኰንኖችም በአስተዳደር ሥራ አይገቡም። ይህ መልካም ይመስላል። ነገር ግን በዚያው ውል የፈረንሣይና የሜክሲኮ ወታደር በአንድነት ባለበት ስፍራ ሁሉ አዛዡ ፈረንሣዊ ይሆናል። ሜክሲኮም እስከ ጁላይ 1 ቀን 1864 ለዘመቻው ለሚወጣው ወጪ 270 ሚሊዮን ፍራንክ፣ ከዚያም በኋላ ለእያንዳንዱ ወታደር በዓመት 1000 ፍራንክ ትከፍላለች። እንግዲህ ራሱን ይችላል የተባለው መንግሥት ጦር የሚያቋቁምበትን ገንዘብ አስቀድሞ ለጠባቂው ሰጠ፤ የማዘዝንም ልምድ ለጠባቂው ተወ ማለት ነው።

ንጉሠ ነገሥቱ ኖቫራ በተባለችው የጦር መርከብ ተሳፍሮ ሜይ 28 ቀን 1864 ቬራክሩዝ ደረሰ። ክፉ ሰው አልነበረም። በዕዳ ታስረው በየርስቱ ይሠሩ የነበሩትን ደኾች የሚረዳ ሕግ አወጣ፤ የሥራን ሰዓት ወሰነ፤ ዐዋጆቹም በአገሬው በናዋትል ቋንቋ ጭምር እንዲታተሙ አደረገ። የቤተ ክህነትን ርስት አልመልስም በማለቱ ወግ አጥባቂዎቹ የጠሩት ወዳጆቹ አዘኑበት። ለውጥ ፈላጊዎቹም የሁዋሬስን ሕግ የሚመስል ሕግ ቢያወጣም የውጭ ጦር ያመጣው ሰው ነው ብለው አብዛኞቹ አልቀረቡትም። ሕጉ ጥሩ ነበር፤ ሕጉን በየአውራጃው የሚያስፈጽም የራሱ ሰው ግን አልነበረውም። የፈረንሣይ ጦር ባለበት ከተማ ትእዛዙ ይፈጸማል፤ ጦሩ በወጣ ማግሥት የሁዋሬስ ሰዎች ይገባሉ።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስገርመው የራሱን ጄኔራሎች ያደረገው ነገር ነው። ሚራሞንና ማርኬስ ከአገሬው ወግ አጥባቂዎች ወገን የታወቁ የጦር ሰዎች ነበሩ። ማክሲሚሊያን በ1864 አንዱን ወደ በርሊን፣ ሁለተኛውን ወደ ምሥራቅ አገሮች በመልእክት ስም አራቃቸው፤ የማርሻል ባዜን ጦር እያለ የእነርሱ ማስቸገር ምን ይጠቅመኛል ብሎ ይመስላል። በእነርሱ ፈንታ የኦስትሪያና የቤልጅግ በጎ ፈቃደኞች መጡለት። በቬራክሩዝ ቆላም ቢጫ ወባ የፈረንሣይን ወታደር ስለ ፈጀ፣ የግብፅ ገዥ ሰዒድ ፓሻ በናፖሌዎን ልመና በ1863 የላካቸው 447 የሱዳን ወታደሮች ይጠብቁ ነበር። በዚህ ዐይነት ከኦስትሪያ እስከ ሱዳን የመጣ ወታደር ዙፋኑን ሲጠብቅ የሜክሲኮ ጦር ግን ሳይቋቋም ዓመታት አለፉ።

ምናልባት አንዳንድ አንባቢ የጦሩ ችግር መቆየቱ ሳይሆን ቶሎ መውጣቱ ነው፣ አሥር ዓመት ቢቆይ ኖሮ መንግሥቱ ይጠና ነበር ይል ይሆናል። ይህ ሊናቅ የማይገባው አስተያየት ነው፤ የአገር ጦር በአንድ ክረምት አይበቅልምና። ነገር ግን በተገኙት ሦስት ዓመታት የሆነውን እንመልከት። ዕዳው በየዓመቱ ጨመረ፤ በ1866 በተደረገው ስምምነት የቬራክሩዝ ጉምሩክ ገቢ ግማሹ ለፈረንሣይ እንዲከፈል ተወሰነ። የንጉሠ ነገሥቱና የባዜን ጠብም በረታ። በኦክቶበር 1865 መሣሪያ ይዞ የተገኘ ሁሉ በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲገደል የሚያዝዝ ዐዋጅ ወጣ፤ ዐዋጁም የተጠላውን ይበልጥ አስጠላው። ዓመቱ ሲጨምር ጥገኝነቱ ጨመረ እንጂ አልቀነሰም።

በዚያው ጊዜ ሁዋሬስ በሠረገላ ከከተማ ወደ ከተማ እየሸሸ በሰሜን ጠረፍ እስካለችው እስከ ፓሶ ዴል ኖርቴ ደረሰ፤ ከአገሩ ምድር ግን አልወጣም። ደጋፊዎቹ በየአውራጃው ወታደር መልምለው፣ ግብር ሰብስበው፣ ተሸንፈው ደግሞ ተነሥተው መዋጋትን ተማሩ። እውነቱን ለመናገር ሁዋሬስም ያለ ረዳት አልነበረም። የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት በ1865 ሲያበቃ የዋሽንግተን መንግሥት ጦሩን ወደ ሪዮ ግራንዴ ወንዝ አስጠጋ፤ ናፖሌዎን እንዲወጣ በዲፕሎማሲ አስገደደው፤ መሣሪያም ወደ ሁዋሬስ ወገን አለፈ። ልዩነቱ ግን ይህ ነው፤ መሣሪያውን የያዘው የሜክሲኮ እጅ፣ ያዘዘውም የሜክሲኮ መኰንን ነበር። እርዳታው የበቀለውን አጠጣ እንጂ በበቀለው ፈንታ አልቆመም።

በጃኑዋሪ 1866 ናፖሌዎን ጦሩን እንደሚያስወጣ አስታወቀ። ሻርሎት ወደ አውሮጳ ተሻግራ ለባልዋ ለመነች፤ ልመናዋ ከንቱ በሆነ ጊዜ አእምሮዋ ታወከ፤ ከዚያም እስከ 1927 ድረስ በቤልጅግ ኖረች። ማክሲሚሊያን ዘውዱን ለመተው አሰበ፤ አማካሪዎቹ ግን እንዲቆይ አደረጉት። ሚራሞንና ማርኬስ ከስደታቸው ተመለሱ። በ1867 መጀመሪያ የመጨረሻው የፈረንሣይ ወታደር ሲሳፈር፣ ንጉሠ ነገሥቱ በቄሬታሮ ከተማ ጥቂት ሺሕ ሰው ይዞ ቀረ።

በዚህ ላይ ነው የታሪኩ ዋና ነገር የሚገኘው። ያ ትንሽ ጦር አብዛኛው የአገሬው ሰው ነበረ፤ አዛዦቹም ሚራሞንና የነባሩ ነገድ ልጅ ሜኪያ ነበሩ። በጄኔራል ኤስኮቤዶ እጅግ የበዛ ጦር ተከቦ፣ ተርቦ፣ ሁለት ወር ከመንፈቅ ያህል በጽናት ተዋጋ። ይህ ዙፋን በራሱ ሰዎች ለመቆም የጀመረው ፈረንሣዮች በሄዱ ጊዜ ብቻ ነበር። ያን ጊዜ ግን መሽቶ ነበር። ከተማው ሜይ 15 ቀን ተያዘ። ከአውሮጳ ብዙ ልመና ቢመጣም ሁዋሬስ አልማረውም። ጁን 19 ቀን 1867 ማክሲሚሊያን ከሚራሞንና ከሜኪያ ጋራ በጥይት ተገደለ፤ ዕድሜው ገና ሠላሳ አምስት አልሞላም ነበር። በዘውድ ተስፋ ያመጣችው ኖቫራ አስከሬኑን ይዛ ተመለሰች።

ድሉም ለሜክሲኮ የመከራ መጨረሻ አልሆነም። ከሁዋሬስ ጄኔራሎች አንዱ ፖርፊሪዮ ዲያስ ኋላ እስከ 1911 አገሪቱን በብርቱ ክንድ ገዝቷል። ቢሆንም ከዚያ በኋላ የመንግሥቱ ጥፋትና ልማት የሜክሲኮ ሰዎች የራሳቸው ሆነ፤ ሊያርሙትም የሚችሉት እነርሱ ሆኑ።

የሰው ወርቅ አያደምቅ ይላል ያገራችን ሰው። ከማክሲሚሊያን ሕይወት የምንማረው ግን ከውጭ የሚመጣ እርዳታ ሁሉ ይጣል የሚለውን አይደለም፤ ሁዋሬስም አልጣለውም። የምንማረው ረዳት በመጣ ቀን ሊጠየቅ የሚገባውን ጥያቄ ነው። ይህን ሥራ ነገ የሚሠራው ማን ነው? ዛሬስ ከረዳቱ ጎን ቆሞ እየሠራ የሚማር የእኛ ሰው አለን? ወጣቱ ሹም ይህን በጦር ብቻ ሳይሆን በመዝገብ ቤትም፣ በመንገድ ሥራም፣ በሒሳብ ክፍልም ይጠይቅ። መልስ የሌለው ከሆነ እርዳታው በቆየ ቍጥር የሚያድገው ሥራው ሳይሆን ጥገኝነቱ ነው።