ቻርለስ ዳርዊንና ወደ ብርሃን የሚያዘነብለው ቡቃያ

ልጆች፣ መስኮት አጠገብ ያለ ተክል ወደ ብርሃኑ ሲያዘነብል አይታችኋል? የተተከለበትን ዕቃ ብታዞሩትም ከጥቂት ቀን በኋላ ተመልሶ ወደ መስኮቱ ይዞራል። ተክል ዓይን የለውም። ታዲያ ብርሃኑ በየት በኩል እንዳለ በምን አወቀ?

ይህን ጥያቄ በትዕግሥት ከመረመሩት ሰዎች አንዱ ቻርለስ ዳርዊን ነው። ብዙ ሰው የሚያውቀው እ.ኤ.አ. በ1859 ስለ ዝርያዎች አመጣጥ ባሳተመው መጽሐፍ ነው። ዛሬ የምናወራው ግን በስተርጅናው ስለ ሠራው ሥራ ነው።

ዳርዊን ፌብሩዋሪ 12 ቀን 1809 በእንግሊዝ አገር ሽሩስበሪ ከተማ ተወለደ። ልክ በዚያው ቀን እዚህ አሜሪካ አብርሃም ሊንከን ተወልዷል! የዳርዊን እናት የሞቱት ገና የ8 ዓመት ልጅ ሳለ ነው። አባቱ ሐኪም ነበሩ፤ ልጃቸውም ሐኪም እንዲሆንላቸው በ1825 ወደ ኤድንበራ ላኩት። በዚያን ጊዜ ማደንዘዣ ስላልነበረ ቀዶ ጥገና ሲደረግ ቆሞ ማየት አልቻለም። ትምህርቱን ትቶ ወጣ። አባቱ ከአደንና ከውሻ ሌላ የሚያስበው ነገር የለም ብለው በጣም አዘኑበት። ቄስ ይሁን ብለው ካምብሪጅ አስገቡት፤ እሱ ግን እዚያም ጥንዚዛ ይሰበስብ ነበር። በ22 ዓመቱ ቢግል በምትባል መርከብ ተሳፍሮ 5 ዓመት ያህል ዓለምን ዞረ። ከዚያ በኋላ አገባ፣ ልጆች ወለደ፣ ከለንደን ወጣ ባለች መንደርም ኖረ።

በ1876 ከልጆቹ አንዱ የሆነው ፍራንሲስ ከባድ ኀዘን ደረሰበት። ሚስቱ ልጅ በወለደች በጥቂት ቀናት ውስጥ ሞተች። ፍራንሲስ ሕፃኑን ይዞ ወደ ወላጆቹ ቤት ተመለሰ። አባትና ልጅ በዚያ ቤት አብረው ተክል መመርመር ጀመሩ።

ሥራቸው ቀላል ይመስላል። ገና የበቀሉ የሣርና የአጃ ቡቃያዎችን ወስደው ብርሃን በአንድ ጎን ብቻ እንዲያገኛቸው አደረጉ። ቡቃያዎቹ ወደ ብርሃኑ ጎበጡ። የአንዳንዶቹን ጫፍ ብርሃን በማያሳልፍ ትንሽ ቆብ ሲሸፍኑት ግን ቀጥ ብለው አደጉ። ታችኛውን ክፍል በጥቁር አሸዋ ቀብረው ጫፉን ብቻ ክፍት ሲተዉትስ? የተቀበረው ክፍል ጭምር ጎበጠ! እንግዲህ ብርሃኑን የሚያውቀው ጫፉ ነው፤ የሚጎብጠው ግን ከጫፉ በታች ያለው ነው። ስለዚህ ከላይ ወደ ታች የሚሄድ አንድ መልእክት አለ ማለት ነው። ይህን በ1880 በመጽሐፍ አወጡት።

ሁሉም ሰው አላመሰገናቸውም። ዩልየስ ዛክስ የተባለው ስመ ጥር የጀርመን የዕፅዋት ሊቅ በቤት ውስጥ የተደረገ ሙከራ ነው ብሎ አጣጣለው። ዳርዊን ኤፕሪል 19 ቀን 1882 ሲሞት መልእክቱ ምን እንደሆነ ገና አልታወቀም ነበር።

በ1926 ፍሪትስ ቬንት የተባለ ወጣት ሆላንዳዊ የአጃ ቡቃያ ጫፎችን ቆርጦ ጄሎ በሚመስል ነገር ላይ አስቀመጣቸው። ከዚያ ጫፎቹን ትቶ ያንን ጄሎ መሰል ነገር ብቻ ጫፉ በተቆረጠ ሌላ ቡቃያ አንድ ጎን ላይ አደረገው። ቡቃያው በጨለማ ውስጥ ጎበጠ! ከጫፉ የወጣ ንጥረ ነገር ነበረ ማለት ነው። ይህ ንጥረ ነገር ኦክሲን ተባለ። ቬንትም በ1933 ወደዚህ ወደ ካሊፎርኒያ፣ ፓሳዲና መጣ።

ኦክሲን ሆርሞን ነው። ሆርሞን ማለት በአንድ ቦታ ተሠርቶ ሌላ ቦታ ሄዶ የሚያዝ ንጥረ ነገር ነው። ብርሃን ከአንድ ጎን ሲመጣ ኦክሲኑ ጥላ ወዳለበት ጎን ይበዛል። በዚያ ጎን ያሉት ሴሎች ይበልጥ ስለሚረዝሙ ቡቃያው ወደ ብርሃኑ ይጎብጣል። ከጫፍ የሚወርደው ኦክሲን የጎን ቡቃያዎች ቶሎ እንዳያድጉም ይከለክላል። የአገራችን የእንሰት ገበሬዎች ይህን በሥራ ያውቁታል። እንሰት ለማባዛት ግንዱን ቆርጠው ከሥሩ መሃል ያለውን የሚያድገውን ክፍል ያወጡና አፈር ያለብሱታል፤ ከዚያ ከአንዱ ብዙ ችግኝ ይወጣል። ስሙን ሳያውቁ ሥራውን አውቀውት ኖረዋል።

የቤት ሥራ፦ ያልተፈተገ ገብስ ወይም ስንዴ በሁለት ኩባያ አፈር ዝሩና ጨለማ ቦታ አስቀምጡ። ብቅ ሲል የአንዱን ኩባያ ቡቃያዎች ጫፍ በትንንሽ የፎይል ቆብ ሸፍኑ። ከዚያ ሁለቱንም መስኮት አጠገብ አድርጉ። በማግስቱ ያያችሁትን በአማርኛ ጽፋችሁ አምጡ። ወላጆችም አብራችሁ ሥሩ፤ ዳርዊንም የሠራው ከልጁ ጋር ነው።