የመካነ ሥላሴው አባ ጎርጎርዮስና ጀርመናዊው ተማሪያቸው

በሁለት አገሮች መካከል ስለሚደረግ የባህል ልውውጥ በሚነገርበት ጊዜ ወደ ብዙዎቻችን አሳብ የሚመጣው የነጻ ትምህርት ዕድል፥ በመንግሥታት መካከል የሚፈረም ውልና የአውሮፕላን ጉዞ ነው። የኢትዮጵያና የጀርመን ወዳጅነትም በዚህ ዓይን ሲታይ የወዳጅነትና የንግድ ውል ከተፈረመበት ከ1905 ዓ.ም.፥ ወይም የጎተ ኢንስቲትዩት በአዲስ አበባ ከተከፈተበት ከ1962 ዓ.ም. የጀመረ ይመስላል። ይሁን እንጂ ከውሉ 250 ዓመት ያህል አስቀድሞ አንድ ኢትዮጵያዊ ካህን በአንድ የጀርመን መስፍን ቤተ መንግሥት ተቀምጠው ስለ አገራቸው አስተምረዋል። ትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓሉን በሚያከብርበት በዚህ ዓመት እኛ የመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች የእኒህን ሰው ሕይወት ለአንባቢዎቻችን በአጭሩ ልናቀርብ ወደድን። በጽሑፋችን ውስጥ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አባ ጎርጎርዮስ የተወለዱት በ16ኛው ምእተ ዓመት መጨረሻ ገደማ ነው። የትውልድ ስፍራቸው ዛሬ ወሎ በሚባለው አገር፥ በጥንቱ ቤተ አምሐራ የነበረው መካነ ሥላሴ ነው። በዚያ ቦታ ዐፄ ናዖድ ያስጀመሩት፥ ልጃቸው ዐፄ ልብነ ድንግል ያስፈጸሙት ታላቅ ቤተ ክርስቲያን ነበረ፤ እርሱም በ1531 ዓ.ም. በግራኝ ጦርነት ጊዜ ተቃጠለ። አባ ጎርጎርዮስ ሲወለዱ ከዚህ ጥፋት ወዲህ ያለፈው ጊዜ ከአንድ ሰው ዕድሜ የሚበልጥ አልነበረም።

እርሳቸው ካደጉ በኋላ ደግሞ አገራችን ሌላ መከራ አገኛት። ዐፄ ሱስንዮስ በ1622 ዓ.ም. የካቶሊክን ሃይማኖት በይፋ ተቀበሉ፤ ሕዝቡም ይህን እንዲከተል ሲገደድ ተነሣ። በተደረገው ጦርነት ብዙ ሺህ ሰው ካለቀ በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ በ1632 ዓ.ም. የቀድሞውን ሃይማኖት መለሱ፤ ዙፋኑም ለልጃቸው ለዐፄ ፋሲል ተላለፈ። ዐፄ ፋሲልም ኢየሱሳውያን የሚባሉትን የካቶሊክ ሚሲዮናውያን ከአገር አስወጡ። አባ ጎርጎርዮስ ከሚሲዮናውያኑ ጋር የተቀራረቡና ካቶሊክነትን የተቀበሉ ስለ ነበሩ አገራቸውን ለቀው ሄዱ። በመጨረሻም ሮማ ደረሱ።

በሮማ ከተማ ከቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን በስተኋላ የቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን አለ። ከ15ኛው ምእተ ዓመት ጀምሮ ለኢትዮጵያውያን መነኮሳትና ተሳላሚዎች ማረፊያ የሆነው ቤት በዚያው ነበረ። ስፍራው የጸሎት ቤት ብቻ ሳይሆን የዕውቀት ቤትም ሆኗል። ጀርመናዊው ዮሐንስ ፖትከን የግእዝን ፊደል ከሮማ ኢትዮጵያውያን ተምሮ በ1513 ዓ.ም. የግእዝ መዝሙረ ዳዊትን በማተሚያ አሳተመ፤ በግእዝ ቋንቋ ከታተሙት መጻሕፍት የመጀመሪያው ይህ ነው። በ1548 ዓ.ም. ደግሞ የኢትዮጵያው መነኩሴ አባ ተስፋ ጽዮን ከጓደኞቻቸው ጋር ሆነው የሐዲስ ኪዳንን መጽሐፍ በዚያው ከተማ ማሳተም ጀመሩ። አባ ጎርጎርዮስ የተቀመጡት ይህን የመሰለ ታሪክ ባለው ቤት ነበር።

በ1649 ዓ.ም. አንድ የ25 ዓመት ጎልማሳ ወደዚህ ቤት መጣ። ስሙ ኢዮብ ሉዶልፍ ሲሆን ኤርፉርት በምትባል የጀርመን ከተማ በ1624 ዓ.ም. የተወለደ ነው። ሉዶልፍ ገና በልጅነቱ ቋንቋ የመማር ብርቱ ፍቅር ስለ ነበረው በዘመኑ በተገኙት ጥቂት መጻሕፍት እየተመራ ግእዝን ብቻውን አጥንቷል። ወደ ሮማ የመጣው ለስዊድን መንግሥት የሚጠቅሙ የቆዩ ጽሑፎችን እንዲፈልግ ተልኮ ነበር፤ ነገር ግን ኢትዮጵያውያን በከተማው መኖራቸውን ስለ ሰማ ወደ እነርሱ ሄደ።

የመጀመሪያው ግንኙነት ቀላል አልነበረም። ሉዶልፍ የግእዙን ጽሑፍ ጮኾ ማንበብ በጀመረ ጊዜ ኢትዮጵያውያኑ ሳቃቸውን መግታት አልቻሉም ነበር ይባላል። ይሁን እንጂ ትርጉሙን ባስረዳ ጊዜ ሳቁ ወደ አድናቆት ተለወጠ፤ ኢትዮጵያን ያላየ ፈረንጅ መጻሕፍታቸውን መረዳቱ አስገርሟቸዋልና። በመጀመሪያ የሚነጋገሩት በአስተርጓሚና በጽሑፍ ነበር፤ ቀስ በቀስ ግን ግእዙ ራሱ የመነጋገሪያ ቋንቋቸው ሆነ።

የሉዶልፍ ችግር ምን እንደ ነበረ እኛ ተማሪዎች በቀላሉ ልንረዳው እንችላለን። አለ የሚለውን ቃል እንመልከት። ላልቶ ሲነበብ ተናገረ ማለት ነው፤ ጠብቆ ሲነበብ ግን ይገኛል ማለት ነው። ፊደሉ አንድ ስለ ሆነ ልዩነቱን ከመጽሐፍ ብቻ ማወቅ አይቻልም። ቀ፥ ጠ፥ ጰ የተባሉትንም ፊደላት የሚያሰማ ሰው ከሌለ የውጭ አገር ተማሪ ድምፃቸውን ሊያውቅ አይችልም። ስለዚህ ለሉዶልፍ የሚያስፈልገው ተጨማሪ መጽሐፍ ሳይሆን ሕያው መምህር ነበረ፤ መምህሩንም በአባ ጎርጎርዮስ አገኘ። ከእርሳቸውም የግእዝን አነባበብ ከማሻሻሉም በላይ አማርኛን ተማረ።

ሉዶልፍ ወደ አገሩ ከተመለሰ በኋላ በጎታው መስፍን በኤርንስት ዘንድ ሥራ ያዘ። ኤርንስት ትምህርትን እጅግ የሚወድ ገዥ ነበረ፤ በ1642 ዓ.ም. ባወጣው ደንብ በግዛቱ የሚኖሩ ወንዶችም ሴቶችም ልጆች ሁሉ ትምህርት ቤት እንዲገቡ አዝዟል። ስለ ኢትዮጵያ በሰማም ጊዜ አባ ጎርጎርዮስን ወደ ጎታ ጋበዛቸው። እርሳቸውም በ1652 ዓ.ም. የአልፕስን ተራራዎች ተሻግረው ጀርመን አገር ገቡ፤ ፍሪደንስታይን በሚባለው፥ ገና ተሠርቶ ባላለቀው የመስፍኑ ቤተ መንግሥትም ተቀመጡ።

በዚያ ጥቂት ወራት በቆዩበት ጊዜ መስፍኑና አማካሪዎቹ ስለ ኢትዮጵያ መንግሥት፥ ስለ ቤተ ክርስቲያኗ፥ ስለ ምድሯና ስለ ሕዝቧ ልማድ ይጠይቋቸው ነበር፤ ሉዶልፍም እያስተረጐመ መልሳቸውን ይመዘግብ ነበር። አንባቢዎቻችን አንድ ነገር እንዲያስተውሉልን እንወዳለን። አባ ጎርጎርዮስ ካቶሊክ ነበሩ፤ መስፍኑና ሉዶልፍ ግን የሉተርን ትምህርት የሚከተሉ ነበሩ። እርሳቸው አገራቸውን የለቀቁት በሃይማኖት ጠብ ምክንያት ነው፤ ጀርመንም ከካቶሊኮችና ከፕሮቴስታንቶች ጠብ ከተነሣው የሠላሳ ዓመት ጦርነት ከወጣች ገና አራት ዓመቷ ነበር። እንዲህ ያለ ቁስል ያለባቸው ሰዎች በአንድ ገበታ ዙሪያ ተቀምጠው ተጠያየቁ፤ ተማማሩም። እኛ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ያደግን ልጆች ይህን ስናነብ ሳናደንቅ አላለፍንም።

ከዚህ በኋላ አባ ጎርጎርዮስ ወደ ሮማ ተመልሰው ለሉዶልፍ በግእዝ ደብዳቤ ይጽፉለት ነበር። በ1658 ዓ.ም. ወደ ምሥራቅ በመርከብ ተነሡ፤ አሳባቸውም አገራቸው ለመግባት ነበር። ነገር ግን በሶርያ ባሕር ዳርቻ በእስክንድሩን አጠገብ መርከቡ ተሰበረና ሰጥመው ሞቱ። ከሃያ ዓመት በላይ የተለዩአትን ኢትዮጵያን ዳግመኛ አላዩም።

ተማሪው ግን የመምህሩን ትምህርት አልጣለም። በ1661 ዓ.ም. የግእዝ መዝገበ ቃላቱና ሰዋስው በለንደን ታተመ። በ1681 ዓ.ም. ስለ ምድሪቱ፥ ስለ መንግሥቱ፥ ስለ ቤተ ክርስቲያኑና ስለ ሕዝቡ ኑሮ በአራት ክፍል የተጻፈው የኢትዮጵያ ታሪክ በላቲን ቋንቋ ወጣ፤ ወዲያውም ወደ እንግሊዝኛና ወደ ፈረንሳይኛ ተተረጐመ። ሉዶልፍ ከአባ ጎርጎርዮስ የሰማውን ይዞ ከእርሱ በፊት የነበሩ ጸሐፊዎች ስለ ኢትዮጵያ የጻፉትን ብዙ ተረት አረመ። በ1698 ዓ.ም. ደግሞ የአማርኛ ሰዋስውና የአማርኛ መዝገበ ቃላት አሳተመ፤ ይህም መምህሩ ከሞቱ ከ40 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። ሉዶልፍ ዕውቀቱን ከማን እንዳገኘ አልሸሸገም፤ የአባ ጎርጎርዮስን ስም በመጽሐፉ ደጋግሞ ጠርቷል፤ በ1691 ዓ.ም. ባወጣው መጽሐፍም ሥዕላቸውን አሳትሟል። እርሱ ራሱ በ1704 ዓ.ም. ሞተ።

እንግዲህ ልውውጡ በሁለቱም በኩል ተፈጽሟልን? አልተፈጸመም ብለን እንመልሳለን። ስለ ኢትዮጵያ ያለው ዕውቀት አውሮፓ ደርሶ በመጽሐፍ ታትሟል፤ አባ ጎርጎርዮስ በአውሮፓ ያዩትና የሰሙት ግን ከእርሳቸው ጋር ባሕር ውስጥ ቀርቷል። መስፍን ኤርንስት በ1663 ዓ.ም. ቫንስሌብን የተባለውን የሉዶልፍን ተማሪ ወደ ኢትዮጵያ ልኮ ነበር፤ እርሱም ከግብፅ ሳያልፍ ቀረ። በዚህ ምክንያት ግእዝ በሮማና በለንደን ሲታተም፥ የማተሚያ መሣሪያ ወደ አገራችን የገባው በ19ኛው ምእተ ዓመት ነው። ሄዶ የሚመለስ ሰው አለመገኘቱ አገርን ምን ያህል እንደሚያስቀር ከዚህ እንረዳለን።

ከእኛም መካከል ለከፍተኛ ትምህርት ወደ ውጭ አገር ለመሄድ የሚመኙ ብዙዎች ናቸው፤ ምኞቱም የሚነቀፍ አይደለም። ነገር ግን ከአባ ጎርጎርዮስ ሕይወት ሁለት ነገር ልንማር ይገባናል። አንደኛው፥ ጎታ የተጋበዙት ባዶ እጃቸውን የሚሄዱ ተቀባይ ሆነው ሳይሆን የአገራቸውን ቋንቋና ታሪክ ጠንቅቀው የሚያውቁ መምህር ሆነው ነው። ከእኛ ግን ስለ ግእዝና ስለ አገራችን ታሪክ ቢጠየቅ ለመመለስ የሚቸገር ጥቂት አይደለም። ሁለተኛው፥ እርሳቸው ለመመለስ ተነሥተው ባሕር ከለከላቸው፤ እኛን ግን የሚከለክለን ባሕር የለም። ወላጆቻችንና መምህሮቻችን የደከሙብን እንድንሄድ ብቻ ሳይሆን እንድንመለስም ጭምር መሆኑን በዚህ በዓል ላይ ለማስታወስ እንወዳለን።