ሃንስ ሴልዬ፦ ከስትረስ በፊት የአጥንት ሥራ ነበር

ሶሻል ወርክ የምንማር ተማሪዎች የሃንስ ሴልዬን ስም የምንሰማው ስለ ስትረስ፣ በዕብራይስጥ ላሐጽ ስለምንለው ነገር፣ ስንማር ነው። ስማቸው በአንድ መስመር ይጠቀስና ይታለፋል። ትንሽ ገፋ አድርገን ስናነብ ግን እኚህ ሰው ስለ ስትረስ ከመጻፋቸው በፊት በአይጥ አጥንት ላይ የሆርሞን ሙከራ ሲያደርጉ እናገኛቸዋለን። ለአያቶቻችን ጤና ይበልጥ የሚቀርበው ይህኛው ሥራቸው ሆኖ ሳለ የሚያነሳው ሰው ጥቂት ነው።

ሴልዬ እ.ኤ.አ. በ1907 ቪየና ተወለዱ። አባታቸው የኦስትሮ-ሃንጋሪ ጦር ሐኪም ነበሩ። ያደጉት በዳኑብ ወንዝ ዳር በምትገኘው በኮማሮም ሲሆን፣ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ወንዙ ድንበር ሆኖ ከተማዋ ለሁለት አገር ተከፈለች። ሰው ከቤቱ ሳይወጣ አገሩ የሚቀየርበት ዘመን ነበር። ሕክምና የተማሩት ፕራግ ነው፤ በ1929 ተመረቁ፣ በኬሚስትሪም ሁለተኛ ዶክትሬት ጨመሩ። ከዚያ በሮክፌለር የነፃ ትምህርት ዕድል አሜሪካ ገቡ፤ ብዙም ሳይቆዩ ወደ ካናዳ ተሻግረው ሞንትሪያል በሚገኘው በማክጊል ዩኒቨርሲቲ ሥራ ጀመሩ።

በማክጊል ያገኟቸው ሰው ጄምስ ኮሊፕ ነበሩ። ኮሊፕ በ1922 ቶሮንቶ ውስጥ ኢንሱሊንን አጥርተው ለሕመምተኛ እንዲሰጥ ያደረጉ ናቸው። በ1925 ደግሞ ከፓራታይሮይድ እጢ ሆርሞን ማውጣታቸውን አሳተሙ። ፓራታይሮይድ የሚባሉት አንገታችን ውስጥ ከታይሮይድ ጀርባ የተለጠፉ፣ የምስር ፍሬ የሚያካክሉ፣ ብዙ ጊዜ አራት የሆኑ እጢዎች ናቸው። በደም ውስጥ ያለው ካልሲየም ሲቀንስ ሆርሞናቸው አጥንት ውስጥ ከተከማቸው ያስወጣል። ኮሊፕ እጢዎቹ ተቆርጠው የወጡባቸው ውሾች ጡንቻቸው ሲኮማተርና ሲንቀጠቀጡ፣ ሆርሞኑን ሲወጉ ደግሞ ሲሻላቸው አዩ። መጠኑ ሲበዛ ግን ጤነኛ ውሻም ይሞት ነበር። በዚህ ምክንያት ሆርሞኑ ከአጥንት የሚቀንስ ነገር እንጂ ለአጥንት የሚጨምር አይመስልም ነበር።

ሴልዬ በ1932 ያሳተሙት ይህን የሚገለብጥ ነበር። ለአይጦች የፓራታይሮይድ ሆርሞን በተለያየ መጠን ወጉና አጥንታቸውን በማይክሮስኮፕ መረመሩ። ብዙ ሲሰጥ አጥንት የሚበሉት ሴሎች ይበዛሉ፣ አጥንቱ ይሳሳል። ጥቂት ጥቂት እየተደረገ ሲሰጥ ግን አጥንት የሚሠሩት ሴሎች በዝተው አዲስ አጥንት ይታያል። ያው ሆርሞን ነው፤ ልዩነቱ አሰጣጡ ላይ ነው።

ይህ ግራ ለሚያጋባው ሰው፣ አጥንት እንደ ደረቅ ድንጋይ ዝም ብሎ የሚቀመጥ ነገር አለመሆኑን ማስታወስ ይበቃል። ወላጆቻችን በጎንደር የጭቃ ቤታቸውን ያረጀ ምርጊት አንስተው አዲስ እንደሚመርጉ፣ በአጥንታችንም ውስጥ አንዱ ሴል አሮጌውን ያነሳል፣ ሌላው አዲስ ይሞላል። ሆርሞኑ በደም ውስጥ ሳይቋረጥ ከፍ ብሎ ከቆየ አፍራሹ ይቀድማል፤ ለአጭር ጊዜ ብቅ ብሎ ከወረደ ገንቢው ይበረታል።

ግኝቱ ለብዙ ዓመታት ከመጽሔት ገጽ ብዙም አልወጣም። ሴልዬም ወደ ሌላ ሆርሞን ፍለጋ ሄዱ። አይጦችን ከእጢ የተጨመቀ ነገር ሲወጉ የአድሬናል እጢያቸው ሲያብጥ፣ ታይመሳቸው ሲኮማተር፣ ጨጓራቸው ሲቆስል አዩ። አዲስ ሆርሞን ያገኙ መሰላቸው። ፎርማሊን ቢወጉም ያው ሆነ፤ ተስፋቸው ተሟጠጠ። ለማንኛውም ጉዳት ሰውነት የሚሰጠው አንድ ዓይነት ምላሽ ይኖራል ብለው በ1936 ኔቸር መጽሔት ላይ ያወጡት አጭር ጽሑፍ የስትረስ ትምህርት መነሻ ሆነ። ዝናው ከዚያ መጣ። ለኖቤል ደጋግመው ቢታጩም አልተሸለሙም።

አንድ ነገር ግን ሳንናገር አናልፍም። ሴልዬ ከሲጋራ ኩባንያዎች ገንዘብ ተቀብለዋል፤ ሲጋራ ጭንቀትን ለመቋቋም ይረዳል የሚል ክርክርም ደግፈዋል። የግንኙነቱ ስፋት በደንብ የታወቀው ከሞቱ በኋላ የኩባንያዎቹ ሰነዶች ሲወጡ ነው። ስማቸውን ክፍል ውስጥ ስንጠራ ይህም አብሮ ቢነገረን ደስ ይለናል።

የአጥንቱ ነገር የተነሳው በ1970ዎቹ ነው። የሆርሞኑ አንድ ክፍል በላቦራቶሪ መሠራት ስለተቻለ በእንግሊዝ ሐኪሞች አጥንታቸው ለሳሳ ሰዎች መስጠት ጀመሩ። ሴልዬ በ1982 ሞንትሪያል ውስጥ ሞቱ፤ ተሪፓራታይድ የሚባለው መድኃኒት በአሜሪካ የተፈቀደው ከሃያ ዓመት በኋላ፣ በ2002 ነው። የተፈቀደው አጥንት ለሳሳበት ሰው እንጂ ስብራትን ለማፋጠን አይደለም። በአይጥ ሲሞከር በስብራቱ ዙሪያ የሚያብበው አዲስ አጥንት ጠንክሮ ታይቷል። በሰው ላይ ግን ውጤቱ ተደበላልቋል፤ እጃቸው አንጓ ላይ በተሰበሩ ሴቶች በተደረገ ጥናት 20 ማይክሮግራም የወሰዱት ቶሎ ሲገጥምላቸው፣ 40 የወሰዱት ግን ካልወሰዱት ብዙም አልተለዩም። አጥንት መግጠሙን ወጌሻ በእጁ ይዳስሰው ነበር፤ እዚህ በራጅ ይቆጠራል፣ ግን ጊዜ መፈለጉ አልቀረም።

መድኃኒቱ በየቀኑ ከቆዳ ሥር የሚወጋ ነው፤ ሰውየው ራሱ ቤቱ ይወጋዋል። ለእማማ ከታዘዘላት የመጀመሪያ ጥያቄዋ ለምን በወር አንድ ጊዜ በዛ አድርገው አይሰጡኝም የሚል ሊሆን ይችላል፤ ኩፓት ሆሊም ድረስ አብሯት የሚሄደውም ብዙ ጊዜ ከእኛ አንዱ ነው። መልሱ የ1932ቱ አይጦች አጥንት ውስጥ አለ፦ ሆርሞኑ ብቅ ብሎ መውረድ አለበት፤ ስለዚህ በትንሹ፣ በየቀኑ።