ዓይኑ ቢጠፋበትም መንገዱ ያልጠፋበት ሰው

ልጆች፣ ዛሬ የምናስተዋውቃችሁ ኢኖስ ሚልስን ነው። ኢኖስ እ.ኤ.አ. በ1870 በአሜሪካ፣ ካንሳስ ውስጥ ተወለደ። ልጅ ሆኖ ሕመም ስለሚበዛበት በ14 ዓመቱ ወደ ኮሎራዶ ተራሮች ሄደ። እዚያም ጤናው ተመለሰለት። ሎንግስ ፒክ የሚባለው ተራራ ከ4,300 ሜትር በላይ ከፍታ አለው። ኢኖስ ገና በ15 ዓመቱ ጫፉ ላይ ወጣ። ካደገ በኋላም ሰዎችን እየመራ ከ200 ጊዜ በላይ ወጥቶታል።

አንድ ቀን ብቻውን ተራራ ላይ ሳለ የበረዶው ነጸብራቅ ለጊዜው ዓይኑን አሳወረው። ሰው የለ፣ ቤት የለ! ኢኖስ ግን የዛፎቹን ቅርፊት በእጁ እየዳሰሰ፣ እየጮኸም የገደል ማሚቶውን እያዳመጠ ወረደ። ያዳነው ጫካውን አስቀድሞ ማወቁ ነው።

ልጆችን ለእግር ጉዞ ሲወስድም ስም ብቻ አያስሸመድዳቸውም ነበር። ራሳቸው አይተው፣ ዳሰው፣ ጠይቀው እንዲደርሱበት ይተዋቸዋል። ብዙ የደከመለት የሮኪ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1915 ተቋቋመ። እሱም በ1922 አረፈ።

እናንተስ? በዚህ ሳምንት ከእማዬ ወይም ከአባዬ ጋር ወጣ በሉ። ዓይናችሁን ጨፍናችሁ አንድ ዛፍ ዳስሱ። ሻካራ ነው ወይስ ለስላሳ? ቅዳሜ ስትመጡ በአማርኛ ትነግሩናላችሁ።